የ«ኮል» ነገር፦ ጠራው ወይስ ሰደበው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። በቀደም የልጄ አስተማሪ ስለ ልጄና ስለ አንድ የክፍል ጓደኛው «ሂ ዋዝ ኮሊንግ ሂም ኔምስ» ብላ ጻፈችልኝ። ስሙን ጠራው ያለችኝ መስሎኝ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብዬ መለስኩ። በዚያው ሰሞን አለቃዬ «ዮር ሺፍት ኢዝ ኮልድ ኦፍ» ብላ ላከችልኝ። ለሥራ የጠራችኝ መስሎኝ በብርድ ወጣሁ። ለንደን ያለችው እህቴ ደግሞ ስለ ስልክ ስታወራ «ሪንግ» ትላለች እንጂ «ኮል» ስትል ሰምቻት አላውቅም። ይህ ቃል ስንት ትርጉም ነው ያለው?
አንዲት እናት

መልስ፦ እህቴ፣ በልጁ ልጀምር፤ እሱ ለነገ አይባልም። «ኮል ሂዝ ኔም» ስሙን ጠራው ማለት ነው። «ኮል ሂም ኔምስ» ግን ሰደበው፣ የሚያስቀይም ስም አወጣለት ማለት ነው። «ሂዝ» ወደ «ሂም» ተለወጠ፣ «ኔም» መጨረሻው ላይ «ስ» ጨመረ፣ ነገሩ ከሰላምታ ወደ ስድብ ሄደ። አሜሪካ ውስጥ ትምህርት ቤቶች ይህን በቀላሉ አያልፉትም። ስለዚህ ዛሬውኑ ለአስተማሪዋ «ሶሪ፣ አይ ሚስአንደርስቱድ። አይ ዊል ቶክ ቱ ሂም» ብለው ይጻፉላት፤ ይቅርታ፣ በትክክል አልገባኝም ነበር፣ አነጋግረዋለሁ ማለት ነው። ልጁን ደግሞ «ዋት ዲድ ዩ ኮል ሂም?» ብለው ይጠይቁት። ምን ብለህ ጠራኸው ማለት ነው። የሚመልስልዎት ስድቡን ራሱን ነው፤ ከዚያ በኋላ እንደ እናት የሚሉትን ያውቃሉ።

ወደ ሥራዎ ስንመጣ፣ ሐበሻ በብዛት በሚሠራባቸው ሆስፒታሎችና የአረጋውያን መጦሪያዎች ይህ ቃል በየቀኑ ስለሚሰማ እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንይ። «ኮልድ ኦፍ» ተሰረዘ ማለት ነው። ስብሰባም፣ ጨዋታም፣ ሠርግም «ኮልድ ኦፍ» ይሆናል። የታካሚ ቁጥር ሲያንስ ተረኛ ሠራተኛን ቤት እንዲቀር ያደርጉታል፤ ሠራተኛውም «አይ ጎት ኮልድ ኦፍ» ይላል። «ኮልድ ኢን» ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሰው ጎድሎባቸው ከእረፍትዎ ጠሩዎት ማለት ነው። ግን ሠራተኛው ራሱ «አይ ኮልድ ኢን ሲክ» ካለ፣ ደውዬ አሞኛል፣ አልመጣም ብያለሁ ማለቱ ነው። እርስዎ ባሉበት አካባቢ ይህንኑ «አይ ኮልድ አውት» የሚሉም ብዙ ናቸው። «ኦን ኮል» ደግሞ ሌላ ነው፤ ቤትዎ ሆነው ስልክዎን ሳይዘጉ ይጠብቃሉ፣ ከተፈለጉ ይሄዳሉ።

«ኮል አውት» ላይ አንድ ነገር ልጨምር። መሃሉ ላይ ሰው ከገባ ትርጉሙ ይለወጣል። «ሺ ኮልድ ሂም አውት» ማለት ጥፋቱን በሰው ፊት ነገረችው ማለት ነው። ከህመም ፈቃድ ጋር ምንም አያገናኘውም።

ይህን ሁሉ ምን አመጣው ካሉኝ፣ ቃሉ ስልክ ከመፈልሰፉ በፊት ብዙ ዘመን የኖረ ነው። ሥሩ የጥንቶቹ ስካንዲኔቪያውያን «ካላ» ነው፤ ጮክ ብሎ መጣራት ማለት ነበር። ግሬሃም ቤል የስልክ ፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1876 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። መደወል የሚለው ትርጉም ከዚያ ወዲህ የመጣ የቅርብ ጊዜ እንግዳ ነው። ስለዚህ «ኮል» በሰሙ ቁጥር ስልክ ብቻ አይታይዎት።

የእኛው አማርኛ የሚያሳስትበትም ቦታ አለ። ደሴ እንግሊዝኛ ሳስተምር ተማሪዎቼ አዘውትረው «ማይ አንክል ኮልድ ሚ ቱ ሂዝ ዌዲንግ» ብለው ይጽፉ ነበር። አጎቴ ሠርግ ጠራኝ ማለታቸው ነው። በእኛ አገር ሠርግ እንጠራለን፣ እንግሊዝኛ ግን ለሠርግ «ኢንቫይት» ነው የሚለው። ሌላው ደግሞ ለእሱ ደወልኩ ለማለት «አይ ኮልድ ቱ ሂም» ማለት ነው። «ቱ» አያስፈልግም፤ «አይ ኮልድ ሂም» ይበቃል። «ቱ» ከገባበት ከሩቅ ጮኸው የተጣሩት ይመስላል። አበበ ብለው ይጠሩታል ለማለትም «ዜይ ኮል ሂም አበበ» ነው፤ «አዝ» ብለው አይጨምሩበት። አማርኛችን የሚረዳበት ቦታም አለ፤ ይህን ምን ይሉታል እንደምንለው «ዋት ዱ ዩ ኮል ዚስ?» ነው የሚባለው። «ሃው» ብለው የሚጀምሩ የሌላ አገር ሰዎች ይሰማሉ፣ እርስዎ ግን በአማርኛዎ ይተማመኑ።

የቃሉን ትርጉም ብቻውን አይሸምድዱ። የሰሙትን ዓረፍተ ነገር እንዳለ፣ ማን እንዳለውና የት እንዳለው ጨምረው ስልክዎ ላይ ይጻፉት። «ኦፍ»፣ «ኢን»፣ «አውት» የሚሉት ትንንሽ ቃላት ናቸው ሥራውን የሚሠሩት። ካልገባዎት ደግሞ አይፈሩ፤ «ዱ ዩ ሚን ኢትስ ካንስልድ?» ማለትም ተሰርዟል ማለትዎ ነው? ብለው ይጠይቁ። ይህች ጥያቄ ሙሉ ቀን ታድናለች፤ በብርድ ሄዶ ባዶ እጅ ከመመለስ በብዙ ትሻላለች።

ስለ እህትዎ፦ ልክ ናት። እንግሊዝ አገር ለስልክ «ሪንግ» በጣም የተለመደ ነው፤ አማርኛው ደወለ ከደወል እንደመጣ ሁሉ የእነሱም ቃል የደወል ድምፅ ነው። «ኮል»ም እዚያ ይባላል፣ ማንም አይሳሳትበትም። መጠንቀቅ ያለብዎት ሌላ ላይ ነው። እንግሊዞች «አይል ኮል ራውንድ ኦን ሳተርዴይ» ካሉ አይደውሉም፤ ቅዳሜ ቤትዎ ይመጣሉ። እህትዎን ለመጠየቅ ለንደን ከሄዱና ጎረቤቷ እንዲህ ካለ፣ ስልኩን ሳይሆን በሩን ይጠብቁ።