የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ኮከቡ፣ ሦስቱ ቀለማትና የልብስ ሰፊው መቀስ

ጥያቄ፦ ሐዋሳ የምኖር የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ የሰንደቅ ዓላማችን ኮከብ አምስቱ ጫፎች ምንን እንደሚወክሉ ይከራከራሉ። ስለ ቀለማቱም ከአያቶቻቸው የሰሙትና መጽሐፉ ላይ ያለው አልገጥም ብሏቸዋል።

መልስ፦ መምህር፣ ሕጉ ለአምስት ቁጥር የሰጠው ትርጉም የለም። አዋጅ ቁጥር 654/2001 የሚለው ይህን ነው፦ ክብ የሆነው ሰማያዊ መደብ ሰላምን፣ ቀጥታና እኩል የሆኑት መስመሮች የብሔር ብሔረሰቦች፣ የሕዝቦችና የሃይማኖቶችን እኩልነት፣ ከመስመሮቹ የተዋቀረው ኮከብ አንድነታቸውን፣ ቢጫው ጨረር ብሩህ ተስፋን ያመለክታል። ስለዚህ ልጆቹ ጫፍ መቁጠሩን ትተው መስመሮቹን ይዩ። በእጅ ሲስሉ ደግሞ ጨረሩን ከጫፎቹ ላይ ያስጀምሩታል፤ ትክክለኛው ቦታ በጫፎቹ መካከል ያለው ጎድጓዳ ማዕዘን ነው።

በዚሁ አዋጅ አረንጓዴው የሥራ፣ የልምላሜና የዕድገት፣ ቢጫው የተስፋ፣ የፍትሕና የእኩልነት፣ ቀዩ ለነፃነትና ለእኩልነት የሚከፈል የመስዋዕትነትና የጀግንነት ምልክት ነው። አያቶች ቀለማቱን ከኖኅ ቀስተ ደመና ቃል ኪዳን ጋር ያያይዟቸዋል። ይህ አዋጁ ከመጻፉ አስቀድሞ በሕዝብ አፍ የነበረ ነው፤ ለፈተና ባይሆንም ክፍል ውስጥ ቢነሳ ነውር የለውም። ቀለማቱ ጸንተው መሐላቸው ያለው ዓርማ ነው ሲፈራረቅ የኖረው፦ ዘውድ የደፋው የይሁዳ አንበሳ፣ ከንጉሡ መውረድ በኋላ ዘውዱን ያጣው አንበሳ፣ የደርግ ዓርማ፣ ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ ኮከቡ። (እግረ መንገዳችንን፦ ሰንደቅ መስቀያው እንጨት ነው፣ ዓላማው ጨርቁ።)

ጥያቄ፦ ልብስ ሰፊ ነኝ። አንድ ትምህርት ቤት 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ሰንደቅ ዓላማ አዝዞኝ ስሰፋው አጠረብኝ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ሦስቱንም ጨርቅ 33.3 ሴ.ሜ. አድርገው ቆርጠው ይሆናል። ስፌቱ 1.5፣ የላይና የታች ቅምቅማቱ 2 ሴ.ሜ. ከበላ ቢጫው 30.3፣ አረንጓዴውና ቀዩ 29.8 ሆነው ቁመቱ ወደ 90 ይወርዳል። ቢጫው በሁለት በኩል ስለሚሰፋ 36.3፣ ሁለቱ በአንድ በኩል ተሰፍተው በሌላው ስለሚቀመቀሙ 36.8 ይቁረጡ። ለርዝመቱ በ200ው ላይ ለገመድ መግቢያ 6፣ ለነፃው ጫፍ (ከገመዱ ተቃራኒ ላለው) ደርቦ መቀምቀሚያ 4 ይጨምሩና 210 ያድርጉት።

ቁመትና ርዝመቱ 1 ለ2 ነው። ውጭ አገር ተሠርቶ የሚመጣው 90 በ150 በ3 ለ5 ስለሆነ ለመለኪያ አይሆንዎትም፤ በእኛ 90 ቁመት ያለው 180 ይረዝማል። ዓርማውን በሁለቱም ገጽ ለጥፈው አይስፉ፤ መሐሉ ይከብድና ቀለል ባለ ነፋስ አልውለበለብ ይላል። ኮከቡ ግራና ቀኙ አንድ በመሆኑ በስስ ፖሊስተር ላይ በአንድ ገጽ ታትሞ ወደ ጀርባው ቢያልፍም አይዛባም። መጀመሪያ የሚተለተለው ነፃው ጫፍ ነውና እዚያ ላይ ሦስት አራት መስመር ክር ይምቱበት። ያለቀውን ጫፍ ቆርጦ መልሶ መቀምቀም ግን አይበጅም፤ 10 ሴ.ሜ. ከተቆረጠ ዓርማው ከመሐል በ5 ሴ.ሜ. ይሸሻል፣ ልኩም ይፈርሳል።

ጥያቄ፦ ፍራንክፈርት በአንድ ዝግጅት ላይ ቀዩ ከላይ የሆነ ባለ ሦስት ቀለም አየን። የእኛ ተገልብጦ ይሆን?

መልስ፦ መሐሉን ይዩ። ባዶ ከሆነ የቦሊቪያ ሊሆን ይችላል፤ ከላይ ወደ ታች ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ነው፣ ከአፍሪካም ጋር ዝምድና የለውም። ጥቁር ኮከብ ካለበት የጋና ነው። እሱን ቴዎዶሲያ ኦኮ የነደፈችው ጋና እ.ኤ.አ. በ1957 ነፃ ስትወጣ ሲሆን፣ ኮከቡ ከጥቁሮች መብት ታጋዩ ማርከስ ጋርቬይ የመርከብ ኩባንያ ስም («ብላክ ስታር ላይን»፣ የጥቁር ኮከብ መስመር) የመጣ ነው፤ የኢትዮጵያን ቀለማት ከመረጡት የአፍሪካ አገሮች ቀዳሚዎቹ ውስጥ ናት። ሰማያዊ ክብ ኖሮት የኮከቡ ሁለት ጫፎች ወደ ላይ ከቆሙ ግን በእርግጥም የእኛው ተገልብጧል። ግድግዳ ላይ ወደ ታች ሲያንጠለጥሉት ደግሞ አረንጓዴው በተመልካቹ ግራ ይሁን።