ሸኚ ደብዳቤ ብቻውን ልጅ አያደርስም

ሰሞኑን አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ዓመት አልሞላትም። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በአንድ ወረዳ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ተመድባለች። «ጋሼ፣ ሥራው ደብዳቤ መጻፍ ብቻ ሆነብኝ እኮ» አለችኝ። ልታለቅስ ምንም አልቀራትም ነበር። እናንተም በየወረዳው አዲስ የተመደባችሁት ይኼው ስለሚገጥማችሁ ለሁላችሁም ልጻፍ ብዬ ተነሣሁ። እኔ ፀጉሬ የሸበተው በዚሁ ሥራ ከቡሬ እስከ ደጀን፣ ከሞጣ እስከ ዱርቤቴ ስመላለስ ነው።

ልጆቼ፣ የተቸገረ ልጅ ለአንድ መሥሪያ ቤት ተለክቶ አይመጣም። ሕፃኑ ከስቷል እንበል። የጤና ኤክስቴንሽኗ ክንዱን ትለካለች፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ መለኪያው ቀይ ያሳያል፣ ፕላምፒ ነት የሚባለው የከሳ ሕፃን ማገገሚያ ምግብ ይታዘዝለታል። እሰየው። ግን ፕላምፒ ነቱ ቤት ሲገባ ሦስት ታላላቆቹም ርቧቸው ቁጭ ብለዋል። እናትየዋ ለሕፃኑ ብቻ ደብቃ የምታበላበት አንጀት ከየት ታምጣ? አባትየው ለቀን ሥራ ወደ ቆላ ወርዶ ከሄደ ሰንብቷል። ትልቋ ልጅ ሕፃኑን ለመያዝ ትምህርቷን ትታለች። እንግዲህ ይኼ የጤና ነው? የትምህርት ነው? የግብርና ነው? የእናንተ ነው? ሁሉም «የኔ ድርሻ ይኼን ያህል ነው» ብሎ ድርሻውን ከተወጣ በኋላ ሕፃኑ በወሩ ተመልሶ ቀዩ ላይ ይገኛል።

አንድ ቀን አንዲት እማሆይ የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጁ 9 ዓመቱ ነው፤ እናቱ ሞታለች፤ ትምህርት ቤት ደጅ ረግጦ አያውቅም። እማሆይ መቀነታቸውን ፈቱና በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። ሦስት ደብዳቤ ነው፣ ከሦስት ቢሮ፣ ሦስቱም ማኅተም አለባቸው፣ ሦስቱም «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላቸው» ይላሉ። ማጠፊያቸው አልቆ ሊበጠስ ደርሷል። «ይኼው ልጄ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ሁሉም ጽፈውልኛል» አሉኝ። እሳቸው ወረቀቱን ራሱን እርዳታው አድርገው ነበር የያዙት። ከመጀመሪያው ደብዳቤ ስምንት ወር አልፎታል።

ያን ቀን ስብሰባዬን ትቼ አብሬያቸው ሄድኩ። ቀበሌ ሥራ አስኪያጁ ጋ ልደቱን ለማስመዝገብ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ጤና መድኅን። ግማሽ ቀን ነው የፈጀው። ስምንት ወር የተንከራተተው ጉዳይ ግማሽ ቀን! እኔ የተለየ ሥልጣን ኖሮኝ አይደለም። አንዱ ቢሮ «መጀመሪያ ከዚያኛው ወረቀት አምጪ» ሲል ያኛውን ወዲያው የሚጠይቅ ሰው ስለነበረ ነው። ያልተጠናቀቀው ግን ጤና መድኅኑ ነበር፤ በዚያ ዓመት የደሃ ደሃ ተብለው በነፃ የሚታቀፉት ቀድመው ተመርጠው ስማቸው ተላልፏል። እማሆይ የሉበትም። ማንም አላስታወሳቸውም።

ይኼ የደሃ ደሃ ልየታ የሚሠራው ቀበሌ ላይ ነው፤ መዋጮውን የሚሸፍኑላቸው ክልሉና ወረዳው ናቸው። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በተመረጡ ወረዳዎች ሲሞከር ከነዚያ አንዷ የኛዋ ደቡብ አቸፈር ነበረች፤ ለጎጃም እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዲህ ልየታው ከመጀመሩ በፊት የናንተ መዝገብ እዚያ ጠረጴዛ ላይ መድረስ አለበት። አያት ዘንድ የሚያድጉ ልጆችን፣ አካል ጉዳተኛ ልጅ ያላቸውን፣ በግጭቱ ምክንያት ተፈናቅለው ዘመድ ቤት የተጠጉትን በስም። ስሙ ከተላለፈ በኋላ የምትጽፉት ደብዳቤ አንድ ዓመት ይዘገያል።

የማኅበረሰብ ክብካቤ ጥምረት የሚባለውን፣ ነዋሪው ራሱ ችግረኛውን የሚረዳበትን ስብስብ፣ ቀበሌ ላይ ታገኙታላችሁ። አንዳንዱ ጋ ይሠራል፣ አንዳንዱ ጋ ቃለ ጉባኤ ብቻ ነው። ካህኑና የዕድር ዳኛው ከልብ የሚመጡበት ከሆነ ይሠራል። የትኛው ቤት እሳት ሳይነድ እንዳደረ የሚያውቁት እነሱ ናቸዋ። ስብሰባ የምትጠሩት በሥራ ቀን ጠዋት ከሆነ አይመጡም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰንበቴው ሲበተን ሂዱ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ ካህኑ «የእገሌ ቤት ተቸግሯል» ብለው ሲነግሯችሁ እዚያው በሰው ፊት ስም አትጻፉ። የጎጃም ሰው ችግሩ አደባባይ ከሚወጣ ጦሙን ቢያድር ይመርጣል።

አሁን ደግሞ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝን ልንገራችሁ። አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ልትዳር ነው ተባለ፤ ጥር ላይ ነው። መምህሯ ጠቆመ፣ ፖሊስ ሄደ፣ ሠርጉ ተሰረዘ። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻ የለም፣ የዳረም ይጠየቃል። ትምህርት ቤቱ ሪፖርቱ ላይ አስገባት። ፖሊስ አስገባት። እኛም አስገባናት፣ ሪፖርቱን የፈረምኩበት እኔ ነኝ። ሦስታችንም አንዲት ልጅ አዳንን አልን። አባትየው ለድግሱ ብሎ እህል ተበድሮ እንደነበር፣ ዕዳውን በምን እንደሚከፍል የጠየቀው ሰው ግን የለም። ግብርና ጽሕፈት ቤት አጠገባችን ነበር፤ ብድርና ቁጠባም ነበር። በየካቲት ልጅቷ ከክፍል ጠፋች። ለአክስቷ ትላክ ተብሎ ሌላ ወረዳ ወስደው ድረዋታል። የሰማነው ከፋሲካ በኋላ ነው።

ስለዚህ አንድ ልጅ ከሦስት ቢሮ ጉዳይ ሲኖረው ከሦስቱ አንዱ ሰው «ይኼ ልጅ የኔ ነው» ይበል። ቢሮው አይደለም፣ ሰው፤ ስም ያለው፣ ስልክ ያለው። ደብዳቤ ስትልኩ በሳምንቱ ደውሉ። «ደርሷል» ካሏችሁ «ልጁስ ደረሰ ወይ?» በሉ። ታኅሣሥ ላይ ከመምህራኑ ጋር የስም መጥሪያውን ተመልከቱ፤ ሁለት ሳምንት የቀረች ልጅ ካለች ጥርን አትጠብቁ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት ውሳኔ ሁሉ የሕፃኑ ደኅንነት ይቅደም ይላል። በመዋቅር ማን ማንን ያዛል ብለው የሚከራከሯችሁ ሲመጡ እሱን አሳዩዋቸው።

ያችን ሌላ ወረዳ ወስደው የዳሯትን ልጅ ከዓመታት በኋላ በገበያ ቀን አገኘኋት። ልጅ አዝላለች። አወቀችኝ። ስለሌላው ነገር አላነሳችብኝም፤ «ጋሼ፣ የልጄን የልደት ወረቀት የት ነው የማወጣው?» ብቻ አለችኝ። አብረን ቀበሌ ሄድን። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ነበር። ደጅ ላይ ተቀምጠን ጠበቅነው፤ ማኅተሙ እስኪመታ ድረስ አልተነሣሁም።