«ዊሽ ዩ ወር ሂር»ን ሰምታችኋል፤ አሁን ጠይቁ

ሰላም የጅማ ልጆች። በተባባልነው መሠረት ሁላችሁም የእንግሊዙን ሮክ ባንድ የፒንክ ፍሎይድን «ዊሽ ዩ ወር ሂር» አልበም ሰምታችኋል ብዬ ልነሳ። ባንዱን ማን መሠረተው፣ ስንት ሸጡ የሚለውን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ፤ እኔን ከየሰፈራችሁ የሰማችሁትን ጠይቁኝ። አልበሙ አምስት ትራክ ነው፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ለሁለት የተከፈለ አንድ ዘፈን ነው፣ «ሻይን ኦን ዩ ክሬዚ ዳይመንድ»፤ በተርታ፣ ሳይቆራረጥ ነው የሚሰማው። ትራኮቹን የሚያደባልቀውን ሸፍል አጥፉ። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

ከሂርማታ፦ ጋሼ፣ እውነቱን ልናገርና የመጀመሪያው ትራክ ረዘመብኝ። ዘፋኙ አፉን እስኪከፍት አቦሉ ተጠጥቶ አለቀ።

መልስ፦ ድምፁ የሚገባው ስምንት ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው፣ ልክ ነህ። ግን ዘፋኙን ስትጠብቅ ሙዚቃው አለፈህ። መጀመሪያ ላይ ከሥር የሚያንዣብበውን ጩኸት ለይተህ ሰምተኸዋል? የመስታወት ብርጭቆ ከንፈር በእርጥብ ጣት ሲታሽ የሚወጣ ድምፅ አለበት። ከዚህ አልበም በፊት በቤት ዕቃ ብቻ ሙዚቃ ለመሥራት ጀምረው ከተዉት ቀረጻ የተረፈ ነው። በላዩ የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች የሪቻርድ ራይት ሲንተሳይዘር ይደረባል። አራቱ የጊታር ድምፆች የሚመጡት አራት ደቂቃ ገደማ ላይ ነው። እንደገና ስማውና ተመለስ።

ከጊንጆ፦ እነዚያ አራት ድምፆች ትዝታ ናቸው ብሎ የሚከራከረኝ ጓደኛ አለ። ልክ ነው?

መልስ፦ ይህቺን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ድምፆቹ ቢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ እና ኢ ናቸው። ክራር ያላችሁ ከቢ ፍላት የሚነሳ ሜጀር ትዝታ ቃኙ፤ ቢ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ፣ ኤፍ፣ ጂ ይሰጣችኋል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ድምፆች ቅኝቱ ውስጥ አሉ ማለት ነው፤ ጓደኛህ ጆሮው አልዋሸውም። አራተኛዋ ኢ ግን የለችበትም። ዘፈኑ የቆመበት ጂ ማይነርም በተለመደው ስኬሉ ኢ ፍላትን እንጂ ኢን አይጠብቅም። ከቢ ፍላት ጋር ያላት ርቀት ደግሞ ትራይቶን የሚባለው፣ ጆሮ ላይ ሳይፈታ ተንጠልጥሎ የሚቀረው ነው። ጊታሪስቱ ዴቪድ ጊልሞር አራቱን ይመታና ይተዋቸዋል፤ ኢ ታስተጋባለች፣ ቀስ ብላ ትጠፋለች፣ እሱም እንደገና ይመታቸዋል። ትዝታ መነሻው ላይ ያርፋል፤ ይህ አያርፍም። ስለጠፋ ሰው የተሠራ ሙዚቃ በዚህ መጀመሩ እስካሁን ይገርመኛል።

ከቦሳ፦ ጋሼ፣ አሁን ክራሬ ላይ ሞከርኩት። ኢን ለማግኘት የዲን ክር ከረር ማድረግ ግድ ሆነብኝ፤ ያኔ ትዝታው ፈረሰ።

መልስ፦ ይኸውላችሁ። ተባረክ።

ከአጂፕ፦ ሦስተኛው ትራክ መጨረሻ ላይ ድምፁ ድንገት ይቀጥንና ከሩቅ ይሆናል። ፋይሉ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም፤ ሆን ተብሎ ነው። ሙሉው ባንድ በአንዴ ትንሽ ራዲዮ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ጣቢያ ሲቀያየር ትሰማለህ፤ ከጊልሞር መኪና ራዲዮ የተቀዳ ነው፣ በመሐል የቻይኮቭስኪ አራተኛ ሲምፎኒ ያልፋል። ቀጥሎ በዚያው በቀጭኑ የራዲዮ ድምፅ ጊታር ይመጣል፤ ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛ ጊታር፣ ይኼኛው ሙሉ ድምፅ ያለው፣ እዚሁ አጠገብህ። አንድ ሰው ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ ከራዲዮው ጋር እየተጫወተ ነው። ሙዚቃ ቤት ሄዳችሁ ፍላሽ ላይ ያስጫናችሁ ብዙ ጊዜ ትራኮቹ መሐል ባዶ ዝምታ ይገባባችኋል፤ ይህ ሁሉ ተቆርጦ ይቀራል። ሸፍል ካበራችሁ ደግሞ ጭራሽ።

ከቆጪ፦ የኔም ሦስተኛው ላይ ድምፁ ይጠፋል። ደህናውን ላኩልኝ እስቲ።

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። አንብብ።

ከመርካቶ፦ አልበሙ መቼ ወጣ?

መልስ፦ መስከረም 12 ቀን 1975። በእኛ መስከረም 1 ቀን 1968፣ የእንቁጣጣሽ ዕለት።

ከፈረንጅ አራዳ፦ ፈረንጁን ይህን ያህል ካደነቅን፣ የራሳችን የጅማ ልጅ ሙላቱ አስታጥቄስ? በ1972 ኒውዮርክ የቀረጸው አልበም ለምን እንደ ፒንክ ፍሎይድ ፕሮግረሲቭ፣ ማለትም ከተለመደው የዘፈን ቅርፅ የወጣ፣ አይባልም?

ከመንደራ፦ ሙላቱ ጃዝ ነው። ራሱ ኢትዮ ጃዝ ብሎት የለ?

ከፈረንጅ አራዳ፦ ስሙን ተወው። የእኛን ቅኝት ከቫይብራፎንና ከዋዋ ጊታር ጋር አጋብቶ የለም? ከዚህ በላይ ፕሮግረሲቭ ምን አለ?

ከመንደራ፦ የዘፈኖቹን ርዝመት እያቸው። ፒንክ ፍሎይዶች ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የቀረውን አንድ ዘፈን ለሁለት ከፍለው አልበሙን ከፍተው ዘጉበት።

መልስ፦ ፕሮግረሲቭ በደቂቃ አይለካም፣ መንደራ። ሙላቱ ግን ራሱን የቻለ ቀን ይገባዋል፤ በሌላ ሰው አልበም ጓዳ አታስገቡት። ወደ ጉዳያችን።

ከኪቶ፦ ሲድ ባሬት ስቱዲዮ ሲመጣ አላወቁትም የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ባሬት የመጀመሪያው መሪያቸው ነበር፤ አእምሮው ታውኮ በ1968 ተለያዩ። በ1975 አልበሙ ለንደን፣ አቢ ሮድ ስቱዲዮ ሲሠራ ሳይጠራ መጣ፤ ወፍሯል፣ ፀጉሩንም ቅንድቡንም ተላጭቷል። ማንነቱ የገባቸው ቆይተው ነው። ያን ሰሞን የሚሠሩት ስለ እሱ የተጻፈውን ዘፈን ነበር።

ከኪቶ፦ ታዲያ የአልበሙ ዋና ማነው? ባሲስቱ ሮጀር ዋተርስ ነው ጊልሞር?

መልስ፦ ሁለቱም አይደሉም። ራይት ነው፤ ይህን ስናገር ስንት ጊዜዬ ነው! ግጥሙ የዋተርስ ነው፣ አራቱ ድምፆች የጊልሞር ናቸው፣ አልካድኩም። የሚያገናኛቸውን ኪቦርድ አውጡት፤ ምን ይቀራል? የ«ሻይን ኦን»ን የመጨረሻ ክፍል፣ ዘጠነኛውን፣ ብቻውን ነው የደረሰው። እንደ ቀብር ሰልፍ ቀስ እያለ ይሄዳል። ሊያልቅ ሲል ከባሬት የ1967 ዘፈን «ሲ ኤሚሊ ፕሌይ» አንዲት ቁራጭ ዜማ በሲንተሳይዘር ያስገባና ሐዘንተኛው ማይነር ወደ ብሩሁ ሜጀር ይዞራል። ስሙን ሳይጠራ ጓደኛውን ተሰናበተው። ይህን ቁራጭ ሳይሰሙ «አልበሙን ጨርሻለሁ» ማለት አይቻልም፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው፣ በተርታ!

ከሂርማታ፣ ሌላ ሰው፦ ጋሼ፣ እኔ በስልኬ ስፒከር ነው የሰማሁት። ጅማሬው ላይ ምንም አልሰማሁም።

መልስ፦ አትሰሚም፣ እህቴ። ጅማሬው በጣም ዝቅ ብሎ ነው የሚነሳው፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ እየወረደ ከሆነማ የመጀመሪያው ደቂቃ ሙሉ በሙሉ ይዋጣል። ኢርፎን አድርጊ።

ከቆጪ፦ ባጠቃላይ አልበሙ እንዴት ነው?

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ አይደለም። የትኛው ቦታ ምን እንደሆነብህ ንገረኝ።

ከጊንጆ፦ ቀጣዩ የቱ ይሁን?

መልስ፦ «አኒማልስ»፣ 1977። እዚያ ላይ ራይት በደራሲነት አንድም ቦታ ስሙ የለም። ምን እንደጎደለ ሰምታችሁ እናንተ ትነግሩኛላችሁ።