ስለ ልብወለድ አጻጻፍ ጠይቁኝ፦ ጥያቄና መልስ ከደብረ ማርቆስ

ሰላም ወገኖች። 3 ልብወለድ አሳትሜያለሁ፤ አራተኛው ገና በእጄ ላይ ነው። ዛሬ ማታ እስክትደክሙ ጠይቁኝ። ከሁሉ በፊት ግን፦ የጻፋችሁት አንድ ቅጂ ብቻ ከሆነ ለማንም አትስጡ።

የሞጣ ልጅ፦ ጋሼ፣ በየቀኑ ይጽፋሉ? ስንት ሰዓት ላይ?

መልስ፦ በየቀኑ። ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥቼ እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት። ልማዱን ያገኘሁት ከቅኔ ቤት ነው፤ በልጅነቴ ደብረ ኤልያስ 2 ዓመት ተቀምጫለሁ። የቅኔ ተማሪ ቀን ላይ ቆጠራ ይወጣል፤ ቆጠራ ማለት ቅኔውን በልብ ማዘጋጀት ነው። ዛፍ ሥር ወይ ቅጥር ጥግ ተቀምጦ፣ ወረቀት ሳይዝ፣ በልቡ ይቆጥራል። መጀመሪያ ጉባኤ ቃና የሚባለው አጭር ቅኔ ነው፤ ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ። ያ ሲጠናለት ወደሚረዝሙት ይሄዳል፤ ወደ ዘአምላኪየ፣ እያለ እያለ እስከ መወድስ ይወጣል። ማታ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ ቤቱ ከተሰበረ፣ ምሥጢሩ ከጎደለ መምህሩ እዚያው ያቀናለታል። በማግስቱ ደግሞ ሌላ አዲስ ቅኔ ነው፤ የትናንቱን ይዞ መቅረብ ነውር ነው።

እኔም እንዲሁ ነኝ። ቀን በእግሬ ስሄድ የሚቀጥለውን ትዕይንት በልቤ እቆጥራለሁ፣ ሌሊት ወረቀት ላይ አወርደዋለሁ፣ ማታ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። ሐሳቧ የሸሸበትን ገጽ አስምሬበት በማግስቱ እንደገና እጽፈዋለሁ።

ሌላም ከዚያው የተማርሁት አለ። ብዙ ጀማሪ «ሰምና ወርቅ» ማለት ነገሩን ማድበስበስ ይመስለዋል። አይደለም። ሰሙ ራሱን ችሎ ካልቆመ ወርቁን ማን ያገኘዋል? ታሪካችሁ መጀመሪያ እንደ ታሪክ ይቁም።

የደጀን ልጅ፦ እንዴት ልጀምር?

መልስ፦ ምንን? ምን ልትጽፍ አስበሃል? ዘርዝረህ ጠይቀኝ።

ከዳንግላ፦ ማተሚያ ቤት ስንት ያስከፍላል?

መልስ፦ እነሱን ጠይቅ። ሳትጨርስ ግን ቀብድ አትክፈል። አንድ ቅጂህንም ይዘህ አትሂድ፤ አባዝተህ ሂድ።

የቡሬ ልጅ፦ ገጸ ባሕርያቴ እንደ አገሬ ሰው ቢናገሩ ያስነቅፈኛል? አዲስ አበባ «እሽ» ስል ይስቁብኛል።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! ሐዲስ ዓለማየሁ እዚሁ ደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም ተወልደው፣ በጎጃም ቅኔ ቤቶች ተምረው ያደጉ ናቸው። ልብወለዳቸው «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም የጎጃም ባላገር፣ ደብተራና ባላባት በየራሱ አንደበት ሲናገር አገር አነበበው። «እሽ» ብለህ ጻፍ። የእናትህን አነጋገር አስተካክለህ ከጻፍኸው እናትህ መሆኗ ይቀራል። ግን አታብዛው፤ እያንዳንዱን ቃል እንደ ድምፁ ልጻፍ ካልህ አንባቢ ይደክማል። የዓረፍተ ነገሩን አካሄድ ያዝ፣ ቃሉን ምረጥ።

የቢቸና ልጅ፦ ለነገሩ መጽሐፉ የእኛ ነው። ዲማ ጊዮርጊስ ያለው እኛ ዘንድ ነው።

የቡሬ ልጅ፦ የሚጀምረው ግን ማንኩሳ ነው! ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትመጣ መንገድህ ላይ ታገኛታለህ።

የቢቸና ልጅ፦ ሰብለ ወንጌል የት ነበረች ታዲያ?

የሞጣ ልጅ፦ ኧረ ሰውየውን አስጨርሱት።

መልስ፦ ባለታሪኩ በዛብህ ማንኩሳ ተወለደ፣ ፍቅረኛውን ሰብለን ዲማ አገኛት፤ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ይልቅ ይህን ልብ በሉ፦ ሐዲስ ማንኩሳን በስሟ ጠሯት። እናንተ «በአንዲት ትንሽ የገጠር መንደር» እያላችሁ የምትጽፉት ለምንድን ነው? መንደራችሁ ስም የላትም?

ጀማሪ ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ መጻፍ እፈልግ ነበር፣ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ሁለተኛ ጊዜ ተጠየቅሁ። ከላይ ስለ ቆጠራ ያልሁትን አንብብ። ዛሬ ማታ አያትህ በር ላይ ቆመው ሰው ሲሸኙ ጻፍ፤ ግማሽ ገጽ። ነገ ሌላ ግማሽ።

የደጀን ልጅ፦ ቅጂ ቅጂ የሚሉት ግን ለምንድን ነው?

መልስ፦ የመጀመሪያ ልብወለዴን፣ በእጄ የጻፍሁትን 4 ደብተር፣ «አንብቤ አሳትምልሃለሁ» ላለኝ ሰው ሰጠሁ። ደብተሮቹን ዳግመኛ አላየኋቸውም። ከዚያ በኋላ 2 ዓመት ብዕር አላነሣሁም። እናንተ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

መምህርት ከፍኖተ ሰላም፦ ጋሼ፣ 47 ዓመቴ ነው፣ 3 ልጆች አሉኝ። ደብተር ሞልቻለሁ፣ ለማንም አሳይቼ አላውቅም። አልረፈደብኝም?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሐዲስ በ1902 ዓ.ም. ነው የተወለዱት፤ ያ መጽሐፍ ሲወጣ 56 ዓመታቸው ነበር። አንቺ 9 ዓመት አለሽ። በቀን አንድ ገጽ እንኳ ባይሆንልሽ፣ ልጆቹ ሲተኙ ግማሽ ገጽ ብትጽፊ በዓመት ከ180 ገጽ በላይ ይሆናል። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ስትጨርሺ ደብረ ማርቆስ ነይና አንብቢልኝ፤ እኔም ባለቤቴም ቁጭ ብለን እንሰማሻለን። ደብተሩን ግን ይዘሽው ተመለሺ።