ኩልታርድ ዘንድ ለመማር ምን ያስፈልጋል?

እህቴ፣ በፖለቲካ ሳይንስ ተመርቀሻል። የመመረቂያ ጽሑፍሽ በታችኛው ኦሞ ስላለው የኩራዝ ስኳር ፕሮጀክትና ስለ አርብቶ አደሩ መሬት ነው። አሁን ካናዳ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ የነባር ሕዝቦችን ፖለቲካ ከሚያስተምረው ከፕሮፌሰር ግሌን ኩልታርድ ጋር ፒኤችዲ መሥራት ፈልገሻል። "ነጥቤ ይበቃል? ኢሜይል ልጻፍለት?" ብለሽ ጠይቀሽኛል።

የወረቀቱን ጉዳይ ቶሎ ልጨርስልሽ። ካናዳ ውስጥ ፒኤችዲ የሚጀመረው በአብዛኛው ከማስተርስ በኋላ ስለሆነ መጀመሪያ ለማስተርስ አመልክቺ። "በእንግሊዝኛ ተምራለች" የሚል ደብዳቤ ይበቃኛል ብለሽ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናውን፣ አይልትስን፣ አትተዪ፤ መጀመሪያ የትምህርት ክፍሉን ጠይቂ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱንም ዛሬውኑ ጀምሪው። የወጪ መጋራት ክፍያ ካለብሽ ሬጅስትራር ሊያጉላላሽ ይችላል።

ነጥብሽ ጥሩ ነው። እኔን ያሳሰበኝ የላክሽልኝ የማመልከቻ ድርሰት ነው። "ለፕሮፌሰር ኩልታርድ ሥራ ከፍተኛ አድናቆት አለኝ" ብሎ ይጀምርና ግማሽ ገጽ ስለ እሱ ያወራል። ኮሚቴው እሱን ያውቀዋል። የማያውቀው አንቺን ነው።

ኩልታርድ ከሰሜን ካናዳ ነባር ሕዝቦች የአንዱ፣ የዬሎውናይፍስ ዴኔ፣ ተወላጅ ነው። በ2014 በወጣው "ቀይ ቆዳ፣ ነጭ ጭምብሎች" መጽሐፉ፣ የቅኝ ግዛት ተቺውን ፍራንዝ ፋኖንን ይዞ፣ መንግሥት ለነባር ሕዝቦች የሚሰጠው እውቅና መሬታቸውን የነጠቃቸውን ሥርዓት እንደማያፈርስ ይሞግታል። አሁን ወደ ራስሽ ጽሑፍ ተመለሺ። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40(5) አርብቶ አደሩ ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ይናገራል። እውቅናው ተጽፏል። ታዲያ ኦሞ ላይ ምን ሠራ? ደግሞስ ከካናዳ ታሪክ፣ ሰፋሪዎች መጥተው ካቆሙት መንግሥት የተነሳ ሐሳብ፣ ታሪኩ ሌላ የሆነውን የእኛን መንግሥት ይገልጻል ወይ? የት ላይ ይሰበራል? ይሄ ያንቺ ጥያቄ ነው፤ ሌላ አመልካች አያመጣውም። ድርሰትሽ ከዚህ ይጀምር። አድናቆቱን አውጪው።

ለናሙና ጽሑፍም የመመረቂያ ጽሑፉን በሙሉ አትላኪ። የመሬት መብቱን የምትተነትኚበትን ምዕራፍ ምረጪና ክርክሩን አጥብቂው። የመስክ መረጃው ውብ ነው፤ ግን የፖለቲካ ንድፈ ሐሳብ አንባቢ የሚፈልገው ሙግትሽን ነው።

አንድ ነገር ግን ከልቤ ልንገርሽ። ካናዳ ሄደሽ ስለ ዴኔ ወይም ስለ ሌላ ነባር ሕዝብ ከጻፍሽ እንግዳ ነሽ። የአገሪቱ የምርምር ሥነ ምግባር ፖሊሲ ምዕራፍ 9 ራሱን ችሎ ስለዚህ ጉዳይ ነው፤ ማኅበረሰቡ በጥናቱ እንዲሳተፍ ይጠይቃል። ሳታመለክቺ አንብቢው። ማንን ወክለሽ እንደማትናገሪም በድርሰቱ ውስጥ በአንድ አረፍተ ነገር ግለጪ።

ኢሜይሉን ጻፊለት፣ ግን አጭር ይሁን። ጥያቄሽን በሦስት መስመር፣ ከዚያም በመጪው ዓመት አዲስ ተማሪ ያማክር እንደሆነ። "ተቀበለኝ" አትበዪው፤ በፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ የሚመርጠው አብዛኛውን ጊዜ ኮሚቴ ነው። ባይመልስልሽም ማመልከቻውን አስገቢ፤ አዲሱን የድርሰት መግቢያ ደግሞ መጀመሪያ ለእኔ ላኪልኝ።