«ድምፄ ሲመለስ እጀምራለሁ» ላልሽኝ

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛው ላይ ተናደድኩ። በአንቺ ግን አይደለም።

ሌሎች አንባቢዎች እንዲከተሉን ጉዳይሽን ላሳጥረው። ዕድሜሽ 26 ነው። ሲቪል ምህንድስና ተምረሽ በ2015 ተመርቀሻል፤ የመውጫ ፈተናውንም አልፈሻል። ከዚያ ወዲህ ሦስት ቦታ ለቃለ መጠይቅ ተጠራሽ። በሁለቱ እጅሽ በላብ ራሰ፣ ድምፅሽም ጠፋ። በሦስተኛው ከበር ተመለስሽ። አሁን አያት አካባቢ አክስትሽ ጋ እየኖርሽ በአጎትሽ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ትሠሪያለሽ፤ በወር 4,000 ብርና ምሳ። ከሱቁ ፌሮና ሲሚንቶ የሚገዛ አንድ አነስተኛ ተቋራጭ «ነይና ቴክኦፍና የክፍያ ሰርተፊኬት ሥሪልኝ» ብሎሻል፤ ከፕላን ላይ የሚገባውን ዕቃ መቁጠርና ለተሠራ ሥራ ክፍያ የሚጠየቅበትን ሰነድ ማዘጋጀት ማለቱ ነው። ሦስት ወር ሙከራ፣ በወር 7,000 ብር። ሁለት ወር ሊሞላው ነው፤ እስካሁን መልስ አልሰጠሽውም። ሪያድ ያለው ወንድምሽ «ለዚህ ነው እንዴ ያስተማርኩሽ?» ይልሻል። አንቺ ደግሞ «መጀመሪያ ፍርሃቴን ላጥፋ፣ ዓላማዬን ልወቅ፣ ድምፄም ይመለስ፤ ከዚያ እጀምራለሁ» ትያለሽ። ጓደኛሽ «ሥነ ልቦናዊ ተጣጣፊነት» ስለሚባል ነገር ነግራሽ፣ ፍርሃቴን ያጠፋልኝ ይሆን ብለሽ ጠይቀሻል።

አያጠፋልሽም።

ስሙ ትንሽ ያሳስታል። ተጣጣፊ ሲባል ወንበር ወይም አልጋ ትዝ ይላል። ነገሩ ሌላ ነው። ፍርሃቱም፣ «አልችልም» የሚለውም ሐሳብ ውስጥሽ እንዳለ፣ ለአንቺ ትርጉም ወዳለው ነገር እግርሽን ማንሳት መቻል ነው። መንገዱ ሲዘጋ ደግሞ አቅጣጫውን ሳይለቁ በሌላ መንገድ መሄድ። ፍርሃትሽን ከሥሩ ነቅዬ እጥልልሻለሁ የሚል ሰው ከመጣ ሌላ ዕቃ እየሸጠ ነው።

የተናደድኩትም ለዚህ ነው። እኛ የሥራ አማካሪዎች የስልጠና አዳራሽ ውስጥ «መጀመሪያ በራስ መተማመን!» እያልን ስናስጨበጭብ ከርመናል። እኔም አስጨብጭቤያለሁ። ልጆቹ ቃላችንን አምነው በራስ መተማመኑ እስኪመጣ ቤት ቁጭ አሉ። ታክሲ በማያልፍበት መስመር ላይ ሰልፍ አስያዝናቸው።

ተጣጣፊነትን የሚያለማምደውን አሠራር ካዳበሩት ሰዎች ዋናው ስቲቨን ሄይስ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ነው። የደረሰበትን ራሱ በአደባባይ ተናግሮታል። እ.ኤ.አ. በ1978 በትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ላይ ባልደረቦቹ ይጨቃጨቃሉ። እሱም መናገር ፈለገ። አፉን ሲከፍት ድምፅ አልወጣም። ልክ እንዳንቺ። ያውም የሥነ ልቦና አስተማሪው! ከዚያ በኋላ ፍርሃቱን በታገለው ቁጥር፣ በሸሸውም ቁጥር እየባሰበት ሄደ። ሦስት ዓመት ያህል እንደዚያ ከተሠቃየ በኋላ ነው ከራሱ ፍርሃት መሮጡን ለመተው የወሰነው።

አንቺስ ከሦስተኛው ቃለ መጠይቅ በር ስትመለሺ ምን ተሰማሽ? «እፎይ አልኩ» ብለሽ ጽፈሻል። ወጥመዱ ያቺ እፎይታ ናት። ከበር በተመለስሽ ቁጥር ትከፈልሻለች፣ ወዲያው፣ በእጅ። ሥራ መግባት ግን የሚከፍለው ከወራት በኋላ ነው። አእምሮሽ ጅል ስላልሆነ ፈጣኑን ከፋይ ይመርጣል። ተቋራጩን ሁለት ወር ያስጠበቅሽውም ጨዋነት አጥተሽ አይደለም፤ በየቀኑ «ነገ እደውላለሁ» ስትዪ ትንሽ ትንሽ እፎይታ እየተከፈለሽ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ቆጥሬብሻለሁ። በደብዳቤሽ ውስጥ «ፈሪ ነኝ» የሚለው አምስት ቦታ አለ። «ፍርሃት ያዘኝ» የሚለው አንድም ቦታ የለም። ልዩነቱ ቀላል አይምሰልሽ። አማርኛችን በዚህ ነገር አዋቂ ነው። ጨነቀኝ፣ ከፋኝ፣ ደበረኝ፣ በረደኝ እንላለን። ጭንቀቱ ሌላ፣ እኔ ሌላ፤ መጥቶብኝ ነው እንጂ። «ብርድ ነኝ» የሚል ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ፍርሃትም ይይዛል፣ ይለቃል። አንቺ ግን «ነኝ» ብለሽ መታወቂያ አወጣሽለት።

ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ይህን ሞክሪ። «አልችልም» የሚለው ሲመጣ አትሟገቺው። መስታወት ፊት ቆመሽም «እችላለሁ!» እያልሽ አትጩሂ፤ ክርክር ያጠነክረዋል። «አልችልም የሚለው ሐሳብ መጣ» ብቻ በዪ። ጮክ ብለሽ ብትዪው ይሻላል። እንግዳ ነው፤ ቡና አታፍዪለት፣ በዱላም አታባርሪው። እሱ ቁጭ ብሎ ሲያወራ አንቺ የያዝሽውን ሥራ ቀጥዪ። መጀመሪያ ሰሞን የሞኝ ጨዋታ ይመስላል። ይምሰላ።

እኔ ዘጠኝ ዓመት የፊዚክስ አስተማሪ ነበርኩ። የሞላሁት ሕክምና ነበር፤ የደረሰኝ ፊዚክስ ነው። የመጀመሪያ ቀን 68 ተማሪ ፊት ቆምኩ። ቀኑንና ርዕሱን ስጽፍ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ መስመሩ እየወረደ፣ እየወረደ ሄዶ የሰሌዳው ጥግ ደረሰ። ጠመኔው ሁለቴ ተሰበረ። ፊት የተቀመጠች ልጅ «ቲቸር፣ አሞዎት ነው?» አለችኝ። «አይ፣ ፈርቼ ነው» አልኳት። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ስለ ፍጥነትና ጊዜ ማስረዳት ጀመርኩ። እጄ መንቀጥቀጡን ያቆመው ኅዳር ላይ ይመስለኛል። መስከረምንና ጥቅምትን ልጆቹ በሚንቀጠቀጥ እጅ ተማሩ፤ ጽሑፉ ጠማማ ቢሆንም ይነበብ ነበር።

ወደ ዓላማ እንምጣ። «ምህንድስናን የመረጠልኝ የ70/30 ድልድሉ ነው፤ የእኔ ዓላማ ምን እንደሆነ አላውቅም» ብለሻል። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ከመቶ ሰባው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ ሲወሰን ምን ትወጃለሽ ብሎ የጠየቀሽ የለም። ቢጠየቅሽስ በ18 ዓመትሽ ምን ትመልሺ ነበር? እኔ «ሐኪም» ያልኩት ጎረቤታችን ሐኪም ስለነበረና መኪና ስለነበረው ነው።

ሁለተኛውን ግማሽ ግን አልቀበልሽም። ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት መስመር አለች፤ አንቺ ራስሽ ሳታስተውያት ያለፍሻት። የአጎትሽ ሱቅ የባለ 12 ፌሮ ቆጠራ ከመዝገቡ ጋር አልገጥም ይላል። ሁሉም ሲሄድ አንቺ ማታ ቀረሽ። አንድ በአንድ ቆጥረሽ፣ ደረሰኞቹን መሬት ላይ ዘርግተሽ፣ ለካ በኪሎ የተሸጠው በፍሬ ተመዝግቦ ኖሯል። «ሲገጥምልኝ ሦስት ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ራት መብላቴንም ረስቻለሁ» ትያለሽ። ከጠቅላላው ደብዳቤ ፍርሃት ያልተነሳበት ቦታ ይሄ ብቻ ነው።

«ኢንጂነር» ማዕረግ ነው። ቁጥር እውነቱን እንዲናገር ማድረግ ግን አቅጣጫ ነው። ሱቅም፣ ሳይትም፣ ነገ ሒሳብ ክፍል ብትገቢም አብሮሽ ይሄዳል፤ ማንም አይነጥቅሽም። ተቋራጩ የጠየቀሽ ቴክኦፍስ ምንድን ነው? ከፕላኑ ላይ ስንት ሜትር ኩብ ኮንክሪት፣ ስንት ኪሎ ፌሮ እንደሚገባ መቁጠር አይደለም? ሰውየው ያቺን ማታ የሠራሽውን በደመወዝ ሥሪልኝ ነው ያለሽ። አንቺ ደግሞ ዓላማዬ እስኪገለጥልኝ ቆይ ብለሽዋል።

«ይሄ ሆዱ ለሞላ ሰው የሚሆን ነገር ነው» ሳትዪኝ አትቀሪም። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በዚሁ አስተሳሰብ ላይ የቆመ አጭር ስልጠና አዘጋጅቶ ሰሜን ምዕራብ ኡጋንዳ ውስጥ ራይኖ ካምፕ በሚባል የስደተኞች ሰፈር ሞክሮታል፤ ወደ 700 የሚጠጉ የደቡብ ሱዳን ሴቶች ነበሩ። ግማሽ ያህሉ አምስት ጊዜ እየተሰበሰቡ የተቀዳ ድምፅ አዳመጡ፣ ተለማመዱ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው፣ ከሦስት ወር በኋላ ጭንቀታቸው ስልጠናውን ካልወሰዱት የተሻለ ቀንሶ ነበር። ስደቱ እዚያው ነው፣ ችግሩም እዚያው ነው። ሆድ የሞላላቸው ሰዎች አልነበሩም።

ስለ ወንድምሽ ስናገር አልለሳለስም። ሪያድ ላቡን ጠብ አድርጎ የላከው ገንዘብ ቀልድ አይደለም፤ ውለታው አለብሽ። ግን ውለታ በማዕረግ አይከፈልም። 7,000 ብር ለኢንጂነር ውርደት ነው ይላል። የሱቁ 4,000ስ? በእሱ ያላፈረው «ለጊዜው ነው» ስለተባለ ነው። ለጊዜው ሁለት ዓመት አለፈው። እሱ የሚጠብቀው ሄልሜት አድርጋ ፎቶ የምትልክለትን እህት ነው፤ እሷ እስክትመጣ ግን ያለሽው አንቺ እየባከንሽ ነው። በኢሞ ሲደውል አትከራከሪው። «ሥራ ጀመርኩ፤ ሦስት ወር ስጠኝና እናወራለን» በዪው። ይቆጣል። ቁጣውን ሰምተሽ፣ አመስግነሽ፣ ደህና እደር በዪ።

ሒሳቡንም አልደብቅሽም። የታክሲና የምሳ ወጪሽን 3,000 ብለሽ አስልተሻል። ከ7,000 ሲቀነስ 4,000፤ ያው ሱቁ ነው። ስለዚህ ሦስቱን ወር በገንዘብ አታተርፊም። የምታተርፊው በእጅሽ የተሠራ ቴክኦፍ፣ አንቺ ያዘጋጀሽው ሰርተፊኬት፣ «የት ሠርተሻል?» ሲሉሽ የምትጠሪው ሳይት ነው። አጎትሽን ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁን እንድትይዢ ጠይቂያቸው፤ የዚያን ማታ ከሠራሽው በኋላ እምቢ የሚሉሽ አይመስለኝም። ተቋራጩንም ትራንስፖርት ጠይቂው።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታብሽ። ቻይ ሁኚ እያልኩሽ አይደለም። አገራችን ሴት ልጅ «ቻይው» ያልተባለችበት ጉዳይ የለም። ፍርሃትን ይዞ መራመድ ሌላ፣ በደልን ችሎ መቀመጥ ሌላ። ሰውየው ወር ሞልቶ ካልከፈለሽ፣ ወይም ያልተሠራ ሥራ ሰርተፊኬት ላይ ጨምሪበት ካለሽ፣ ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ። የገባሽው ቁጥር እውነቱን እንዲናገር ነውና። መውጣቱም ያስፈራል፤ ያኔም እየፈራሽ ትወጫለሽ።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበል። ማስተርሱን አሁን አትነካኪው፤ ከትምህርት ወደ ትምህርት መሸሽም መሸሽ ነው። አክስትሽ ስላመጡት ሰውዬ፣ እኔ የሥራ እንጂ የትዳር አማካሪ አይደለሁም፤ ካልፈለግሽው ግን «ሥራ ልጀምር ነው» ጥሩ ሰበብ ይወጣዋል። እንቅልፍ ከጠፋብሽ ወይም ከቤት መውጣት ካቃተሽ የእኔ ደብዳቤ አይበቃሽም፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያለበት ሆስፒታል ሂጂ።

ሰኞ ጠዋት ለተቋራጩ ደውዪ። ከሱቁ ወጣ ብለሽ፤ አጎትሽ እየሰሙ አይመችም። ከመደወልሽ በፊት ሁለት መስመር ብቻ ወረቀት ላይ ጻፊ፦ «ሥራውን እይዛለሁ። መቼ ልምጣ?» እጅሽ በላብ ይርሳል፤ በቀሚስሽ ጥረጊው። ድምፅሽ ቢጠፋም ግድ የለም። ሰውየው ኔትወርክ ነው ብሎ ይዘጋዋል። መልሰሽ ደውዪ።