ኤድዋርድ ቴዎድሮስ ነው?

ጥያቄ፦ እህቴ ለንደን የወለደችው ልጅ በአባቱ በኩል በአያቱ ስም ኤድዋርድ ተብሏል። በቤት ውስጥ «ቴዲ» ስለሚባል እናታችን «እንግዲያው ቴዎድሮስ ነው» ብላ ስትጽፍለትም ቴዎድሮስ ትለዋለች። ስሞቹ አንድ ናቸው? የኤድዋርድ ትርጉምስ ምንድን ነው? አጻጻፉስ «ኤድዋርድ» ነው ወይስ «ኤድወርድ»?

መልስ፦ ስሞቹ አንድ አይደሉም፤ ዝምድናም የላቸውም። ቴዎድሮስ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «የእግዚአብሔር ስጦታ» ማለት ነው። በእንግሊዝኛ አቻው ቴዎዶር ነው። ኤድዋርድ ግን ከግሪክም ከመጽሐፍ ቅዱስም አልተወሰደም፤ እንግሊዞች ከጥንት ቋንቋቸው ያወጡት የራሳቸው ስም ነው። «ኤአድ» ሀብት፣ ብልጽግና፣ መልካም ዕድል ነው፤ «ወአርድ» ደግሞ ጠባቂ፣ ዘብ። በአማርኛም የለመድነው «ቦዲጋርድ» ውስጥ ያለው «ጋርድ» በፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ የመጣ የዚሁ «ወአርድ» ዘመድ ነው።

ብዙዎች ስሙን «ሀብት ጠባቂ» ብለው ይተረጉሙታል። አልቃወምም፤ ነገር ግን ሀብተ ማርያም ወይም ኃይለ ሥላሴ ስንል እንደምናደርገው ሁለቱን ቃላት አዛምዶ መፍታት ሁልጊዜ አያስኬድም። ጥንታውያኑ እንግሊዞች ከተከበሩ ቃላት ሁለቱን መርጠው ያጣምሩ ነበር እንጂ ጥምረቱ የግድ ሐረግ እንዲሆን አይጠብቁም። ኤዲት የሚለውን የሴት ስም ተመልከቱ፤ የተሠራው ከ«ሀብት» እና ከ«ጦርነት» ነው። ኤድዊን ሀብትና ወዳጅ ነው፤ ኤድመንድ ሀብትና ከለላ።

ስሙ እስከ ዛሬ መዝለቁ በአንድ ንጉሥ ምክንያት ነው (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ሲይዙ ዊሊያም፣ ሮበርትና ሪቻርድ የአገሬውን ስሞች ገፍተው አስወጡ። የዌስትሚንስተርን ገዳም ያሳነጸው ንጉሥ ኤድዋርድ ግን በ1161 ቅዱስ ተባለ፤ እርሱን አጥብቆ ያከብር የነበረው ሄንሪ ሦስተኛም በ1239 የተወለደ ልጁን በስሙ ጠራው። ያ ልጅ፣ የእርሱ ልጅና የልጅ ልጁ ከ1272 እስከ 1377 በተከታታይ ነገሡ፤ ሦስቱም ኤድዋርድ ናቸው። በ1902 ራስ መኮንን ለንደን ድረስ የተጓዙት የኤድዋርድ ሰባተኛን ዘውድ መጫን ለማክበር ነበር። እኒህ ንጉሥ በቤተሰቡ ዘንድ «በርቲ» ይባሉ ነበር፤ የመጀመሪያ ስማቸው አልበርት ነውና።

የቁልምጫውን ነገር እናትዎ ያለ ምክንያት አልተሳሳቱም። እኛ ቴዎድሮስን ቴዲ እንላለን፤ አሜሪካኖችም ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልትን ቴዲ ብለዋል፤ ሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲም ቴድ ነበሩ። አንዱ ቁልምጫ ሁለት ስም ያገለግላል ማለት ነው። ሌላው የኤድዋርድ ቁልምጫ «ኔድ» ይበልጥ ይገርመኛል፦ በቀድሞው እንግሊዝኛ «የእኔ ኤድ» ለማለት «ሚን ኤድ» ይባል ነበር፤ ጆሮ «ን»ን ከኋለኛው ቃል ጋር አገናኘና «ሚ ኔድ» ሆነ። ኤለንም «ኔል» የተባለችው በዚሁ መንገድ ነው።

አጻጻፉን በተመለከተ፣ እንግሊዞች ሲናገሩ የስሙን መጨረሻ ስለሚያላሉት «ኤድወርድ» ለአነጋገሩ ይቀርባል። በአማርኛ መጻሕፍትና ጋዜጦች የጸናው ግን «ኤድዋርድ» ስለሆነ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። እናትዎ ልጁን ቴዲ ማለታቸውን ይቀጥሉ፤ ሙሉ ስሙን ሲጽፉ ግን ኤድዋርድ ይበሉት።